ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የማስተርስ ስኮላርሺፕ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆናችሁ እንዴት ታመለክታላችሁ?

ፒያሳ ሻይ ይዤ ስቀመጥ እጠየቃለሁ። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን ስንወርድ እጠየቃለሁ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንድ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያንን ስኮላርሺፕ እንዴት ነው የሞላኸው? እስቲ ሊንኩን ላክልኝ» አለኝ።

ሊንኩን እልካለሁ። ግን ሊንክ ብቻውን ምንም አያደርግም። ፎርሙን መሙላት ቢበዛ የሳምንት ሥራ ነው። ፎርሙ ላይ የሚጫነውን ወረቀት መሰብሰብ ግን አራት አምስት ወር ይበላል። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ወረቀት ፍለጋ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። ስኮላርሺፕ መምረጡ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

የጻፍኩት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ማስተርስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለዶክትሬትም አብዛኛው ይሠራል። እዚያ ግን ከሁሉ በፊት የሚቀበላችሁ ፕሮፌሰር መፈለግ አለባችሁ።

አንድ ቃል ላይ አስቀድመን እንግባባ። «ሙሉ ወጪ» ስንል የትምህርት ክፍያ፣ ወርሃዊ የኑሮ አበል፣ የአውሮፕላን ቲኬት እና የጤና መድን ነው። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ትምህርት ክፍያ ብቻ ከሆነ ቤት ኪራዩና ምግቡ በእናንተ ነው ማለት ነው። እሱን እዚህ አልቆጥረውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፋይዳ መታወቂያ እና ፓስፖርት
- ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)
- ትራንስክሪፕት (ስቱደንት ኮፒም ኦፊሻሉም)
- የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ
- የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ
- ሪኮመንዴሽን (የምስክርነት ደብዳቤ) የሚጽፉላችሁ ሦስት ሰዎች (ሁለት ይበቃል ቢባልም ሦስተኛ ያዙ)
- ሲቪ እና ሞቲቬሽን ሌተር (ለምን እንደምታመለክቱ የምታስረዱበት ደብዳቤ)
- ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል፣ በራሳችሁ ስም
- አንድ ደብተር። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪም ይሞታል፤ የይለፍ ቃልና ቀን ደብተር ላይ ይጻፍ
- ለፈተና፣ ለሰነድ እና ቢያንስ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ የሚሆን ገንዘብ

ደረጃ 1፦ ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ

ይህን መጀመሪያ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ አካባቢ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደጸሐፊው ነው። አንድ የማውቀው ልጅ አባቱ ሙሐመድ ነው። ዲግሪው ላይ በሁለት ኤም ተጽፏል። የሥራ ልምዱ ላይ በአንድ ኤም። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ «ኦ» የነበረው ፊደል «ዩ» ሆኗል። ሰይድም፣ ዘይነብም፣ ተዋበም እንደዚሁ ናቸው። እኛ ስናየው አንድ ሰው ነው። ውጭ አገር ፋይል የሚያገላብጠው ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያያል።

ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የልደት ቀኑንም እንዲሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ሳይደምሩ በቀጥታ የገለበጡ ብዙ ናቸው። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ፦ ፓስፖርቱን በዲግሪያችሁ አጻጻፍ አስወጡት። ካወጣችሁ ደግሞ ማስተካከል የሚቻለውን አስተካክሉ። የማይቻለው ሲያጋጥም «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማስረጃ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ፎርም ላይ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ሲባል ፓስፖርታችሁ እንደከፈለው ክፈሉት። የራሳችሁን አከፋፈል አትፍጠሩ፤ በኋላ ቪዛ የሚታየው በፓስፖርቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ፓስፖርት

ማመልከቻው ኦንላይን ይሞላል። ለአሻራና ለፎቶ ደሴ ቅርንጫፍ ስላለ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። አንዳንድ ስኮላርሺፕ መጀመሪያ ላይ ፓስፖርት አይጠይቅም። ቢሆንም አሁኑኑ ጀምሩት፤ ሲጠየቅ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው።

ደረጃ 3፦ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀታችሁን አስለቅቁ

ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው።

ብዙዎቻችሁ እጅ ላይ ያለው ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ለማመልከት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። ስትመረጡ ግን ኦሪጅናል ዲግሪና የታሸገ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ትባላላችሁ። ያኔ ነው የወጪ መጋራት ጉዳይ የሚነሳው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ዕዳውን ሳይዘጋ ኦሪጅናሉን አያገኝም። ደመወዛችሁ ላይ እየተቆረጠ ከሆነ ስንት እንደቀረ ጠይቁ። ቀሪው ትንሽ ከሆነ ዝጉትና ማስረጃውን ያዙ። በተመረጣችሁ ማግስት ከቢሮ ቢሮ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ሬጅስትራሩ ቅርባችሁ ነው፤ ራሳችሁ ሂዱ። ጅማ ወይም አርባ ምንጭ የተመረቃችሁ ደግሞ እዚያ የቀረ ጓደኛ ፈልጉና ውክልና ላኩለት። ያለ ውክልና ወረቀቱን ላይሰጡት ይችላሉ፣ በከንቱ ይመላለሳል።

እግረ መንገዳችሁን ሁለት ነገር አብራችሁ ጠይቁ፦

- የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። ደረጃ 5 ላይ ይጠቅማችኋል።
- የውጤት አሰጣጡን የሚያብራራ ገጽ። ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ ካለ ያንንም ስካን አድርጉ። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ይልካል። የሚያነበው ሰው 3.4 ከ4 ይሁን ከ5 በምን ይወቅ?

ማስጠንቀቂያ፦ ሰነድ ለማረጋገጥ አትቸኩሉ። አንዳንድ የስኮላርሺፕ ጥሪ በውልና ማስረጃ ወይም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ኮፒ ይፈልጋል። ብዙው ግን መጀመሪያ ላይ ተራ ስካን ይበቃዋል። ማረጋገጥ ገንዘብም ጉዞም ነው። ጥሪው ሲጠይቅ ብቻ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤ

ደብዳቤው የድርጅቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ይሁን። ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም እና ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማህተም) ይኑረው። በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በአማርኛ ከወጣ ለትርጉም ሌላ ወጪ ይመጣል።

ውስጡ ሦስት ነገር መኖር አለበት፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ የሥራ መደቡ እና በሳምንት ስንት ሰዓት። የሰዓቱን ነገር እኛ አገር የሚጽፍ የለም። እናንተ ግን አስጽፉ። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት ልምድ ሲል 2,800 ሰዓት ማለቱ ነው፤ በሳምንት 35 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ተብሎ የተሰላ ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራና የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ይቆጠራል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጠናችሁበትን፣ ጤና ጣቢያ በነጻ ያገለገላችሁበትን አትናቁት። ማስረጃ ይኑረው እንጂ ይደመራል።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፋይላቸው የተበተነ መሥሪያ ቤቶች አሉ። «ማህደርህ የለም» ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የደመወዝ መዝገብ፣ የጡረታ መዋጮ ወይም በእጃችሁ ያለ የቅጥር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱና በዚያ መነሻነት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። በዚያ ሰሞን ሥራ ወይም ትምህርት ካቋረጣችሁ ሲቪያችሁ ላይ ክፍተቱን በአንድ መስመር ግለጹት። ዝም ካላችሁ አንባቢው የፈለገውን ይገምታል።

ደረጃ 5፦ የእንግሊዝኛ ማስረጃ

ሦስት መንገድ አለ። አይኤልትስ ወይም ቶፍል የሚባሉት ፈተናዎች፤ በኢንተርኔት የሚሰጠው የዱዎሊንጎ ፈተና፤ አለበለዚያ ቅድም ያልኳችሁ የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ። አሁን ወደ ፈተና አትሩጡ። መጀመሪያ የምትፈልጉት ትምህርት ቤት የቱን እንደሚቀበል እዩ። ደብዳቤውን የሚቀበል ካገኛችሁ የፈተናው ብር ኪሳችሁ ቀረ።

አይኤልትስ ካስፈለገ አዲስ አበባ ነው የምትፈተኑት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱን ተጉዛችሁ ጠዋት አትፈተኑ። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ግቡ። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራም በአጠቃላይ 6.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ6.0 ያላነሰ ይላል። ሁለተኛውን ቁጥር ልብ በሉት፤ አጠቃላዩን አምጥቶ በጽሑፍ ክፍሉ 5.5 የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው።

ዱዎሊንጎን ቤታችሁ ሆናችሁ ትፈተናላችሁ። ግን መሀል ላይ ኔትወርክ ወይም መብራት ከሄደ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። መብራት የማይሄድበት ሰዓትና ቦታ ካላወቃችሁ አትጀምሩት።

ደረጃ 6፦ የሚመጥናችሁን ምረጡ

አሁን ወረቀት አላችሁ። ወደ ማስታወቂያው እንምጣ።

ሃያ ቦታ አትሙሉ። አራት ወይም አምስት ምረጡና በደንብ ሥሩ። የምትመርጡት «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ሳይሆን «የቱ በር ላይ አይመልሰኝም?» ብላችሁ ነው። ጥሪው ውስጥ መስፈርት የሚለውን ክፍል አውጡና ለእያንዳንዱ ነጥብ «አለኝ» ወይም «የለኝም» ብላችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አንድ እንኳ «የለኝም» ካለ እለፉት። የሚያዝንላችሁ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ላይ የሚጥላችሁ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ነው።

ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህ ናቸው፦

- ቺቭኒንግ (እንግሊዝ)፦ የአንድ ዓመት ማስተርስ። የዕድሜ ገደብ የለውም። 2,800 ሰዓት ልምድ ይፈልጋል። ነሐሴ ገደማ ይከፈታል። ስትጨርሱ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው።
- ኢራስመስ ሙንዱስ (አውሮፓ)፦ ቢያንስ ሁለት አገር ተዘዋውሮ መማር ነው። አበሉ በወር 1,400 ዩሮ፣ ቢበዛ ለ24 ወር። ብዙዎቹ የሥራ ልምድ አይጠይቁም። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ቀን ተከታተሉ።
- የጀርመኑ ዳአድ፣ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠው፦ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። የመጨረሻ ዲግሪያችሁ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ማመልከቻው በቀጥታ ለትምህርት ክፍሉ ነው የሚላከው፣ ቀኑም እንደ ትምህርት ክፍሉ ይለያያል።
- የቱርክ መንግሥት፦ በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20፣ በእኛ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ። ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች መሆን አለባችሁ። የመጀመሪያው ዓመት በቱርክኛ ቋንቋ ያልፋል፤ ይህን ሳያውቁ ሄደው የደነገጡ አሉ።
- የቻይና መንግሥት፦ ለማስተርስ ከ35 በታች። በኤምባሲ ወይም በዩኒቨርሲቲ በኩል ይገባል። የጤና ምርመራ ፎርምና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይጠይቃል። ሪኮመንዴሽኑ ከፕሮፌሰር ወይም ከተባባሪ ፕሮፌሰር መሆን አለበት፣ ሌክቸረር አይበቃም።
- የጃፓን መንግሥት፦ በኤምባሲው በኩል ከሆነ የጽሑፍ ፈተና አለው። ከሚያዝያ ጀምሮ ተከታተሉ።

አንዱን ደግሞ ላስወጣላችሁ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ በየቴሌግራሙ ይዞራል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። አትድከሙ።

ጀርመን የምታስቡ ውጤታችሁ በእነሱ ሚዛን ስንት እንደሆነ እዚሁ ገምቱ። እነሱ ጋ 1.0 ምርጡ፣ 4.0 ማለፊያው ነው፤ የእኛ ግልባጭ። ከ4 ላይ ሲጂፒኤያችሁን ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። 3.4 ያለው ሰው 1.9 ያገኛል። 3.0 ያለው ልክ 2.5 ይመጣለታል። ብዙ የጀርመን ፕሮግራም «2.5 ወይም የተሻለ» ስለሚል ከ3.0 በታች ያላችሁ ሌላ አገር ብታዩ ይሻላል። ይህ ለግምት ብቻ ነው። ፎርም ላይ የእናንተን ሲጂፒኤ እንዳለ ጻፉ እንጂ ቀይራችሁ አትጻፉ።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር፦ ስኮላርሺፕና የዩኒቨርሲቲ ቅበላ አንዳንዴ ሁለት በር ናቸው። ቺቭኒንግን ስትሞሉ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ለየብቻ ታመለክታላችሁ። ስኮላርሺፑን አግኝቶ ቅበላ ያጣ ሰው አይሄድም። ኢራስመስ ሙንዱስ ላይ ግን አንድ ማመልከቻ ለሁለቱም ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ የመንግሥት ስኮላርሺፖች ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። «ኮታ አለኝ፣ ትንሽ ብር ጣል አድርግ» የሚላችሁ ሰው ደላላ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ገጽ ላይ የማመልከቻ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ያም ቢሆን ከመክፈላችሁ በፊት ለቅበላ ቢሮው ጻፉና ክፍያው ይነሳላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም፤ እኔ ጠይቄ ተነስቶልኛል።

ደረጃ 7፦ ሪኮመንዴሽን

ከሥልጣኑ በፊት የሚያውቃችሁን ሰው ምረጡ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከራችሁ መምህር ከማያውቃችሁ ዲን በእጅጉ ይበልጣል። አንባቢው የሚፈልገው ስለ እናንተ የተነገረ አንድ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት፣ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም «ጋሼ ሪኮመንዴሽን ፈልጌ ነበር» ብላችሁ አትላኩ። አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ላይ የምታመለክቱበት ትምህርት፣ የመጨረሻ ቀኑ፣ እሳቸው ጋ የወሰዳችሁት ኮርስና ውጤት፣ አብራችሁ የሠራችሁት ሥራ ይስፈር።

አብዛኛው መምህር «አንተ ጻፍና አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይላችኋል። እወቁት፣ ይህ ወጥመድ ነው። ሁለት ሪኮመንዴሽንና አንድ ሞቲቬሽን ሌተር በአንድ እጅ ሲጻፉ ቋንቋው ይመሳሰላል፤ አንባቢው ወዲያው ይነቃል። ያቺን አንድ ገጽ ስጧቸውና «ጋሼ፣ ነጥቦቹን እዚህ ጽፌልዎታለሁ፣ በራስዎ አባባል ቢሆን ይሻላል» በሏቸው። እምቢ የሚሉት ጥቂት ናቸው።

አሁን ብዙ ቦታ ደብዳቤው በእናንተ እጅ አያልፍም። ሊንክ በቀጥታ ለመምህሩ ኢሜይል ይላካል። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን ጠይቁ፣ የግል ኢሜይል የማይቀበል አለ። ከዚያ ደውሉና «እስፓም ውስጥም ይዩልኝ» በሉ። አንድ ልጅ ሁሉን ጨርሶ ደብዳቤው ሳይገባ ቀረበት። መምህሩ ሊንኩን ያገኙት በሦስተኛው ወር ነው፣ እስፓም ውስጥ።

ደረጃ 8፦ ሞቲቬሽን ሌተር

ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ እዚህ አጥፉ። ስለ ውጤታችሁ ትራንስክሪፕቱ ተናግሯል። ይህ ደብዳቤ የሚመልሰው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ምን ችግር ላይ እየሠራችሁ ነው? የጎደላችሁ እውቀት ምንድን ነው? ለምን ይህ ትምህርት እንጂ ሌላው አይደለም?

የሚመጡልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ እንዲህ ይጀምራሉ፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ውጭ አገር ሄዶ መማር ሕልሜ ነበር። ትጉህ፣ ተግባቢና በቡድን መሥራት የምወድ ሰው ነኝ። ተምሬ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ።»

ምንም ስህተት የለበትም። ግን ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ሰው ብትሰጡት ይሆነዋል። እንዲህ ብሎ ከጀመሩት አንዱ፣ የከተማ መንገድ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ቁጭ ብለን ካወራን በኋላ የጻፈው ይኼ ነው፦

«ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሦስት ክረምት ከመንገድ ዳር የሚንሸራተት አፈር ስከታተል ነበር። የድጋፍ ግንብ እንሠራለን፤ በዓመቱ ይሰነጠቃል። ውሃው ከሥር በየት በኩል እንደሚመጣ ለክተን አናውቅም፣ መለካቱንም የተማረ ከመካከላችን የለም። የሁለተኛው ሴሚስተር የተዳፋት መረጋጋት ኮርስ የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው።»

ራሱን የሚያሞግስበት አንድም ቅጽል የለም። «ትጉህ ነኝ» አላለም፤ ሦስት ክረምት ብሏል። የኮርሱን ስም የጠቀሰው የትምህርቱን ዝርዝር አንብቦ ነው። ያንን ማንበብ የሁለት ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው፣ አብዛኛው አመልካች ግን አያደርገውም።

እናንተም በዚህ ሂዱ፦

1. መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ለጓደኛ እንደምታስረዱ አድርጉ። ሐሳቡ ሳይጠራ እንግሊዝኛ ውስጥ ከገባችሁ ትልልቅ ቃል ትደረድራላችሁ።
2. ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። አጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን።
3. ሁለት ቀን አስቀምጡትና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ቁረጡ።
4. የእናንተን ሙያ ለማያውቅ ሰው አስነብቡ። ካልገባው ለመራጩም አይገባውም።

ቻትጂፒቲን ሰዋስው ለማረም ተጠቀሙበት፣ እሺ። ጻፍልኝ ብላችሁ አታስጽፉት። ሺህ ሰው ያንኑ ጠይቆት ያንኑ መልስ ልኳል። ኢንተርኔት ቤት «አለቀለት ያለ ደብዳቤ አለኝ» የሚላችሁም እንዲሁ ነው፤ ያ ደብዳቤ እናንተ ጋ ሲደርስ ስንተኛ እጅ እንደሆነ እሱ ራሱ አያውቅም።

ቺቭኒንግ አንድ ረጅም ደብዳቤ አይፈልግም። በአራት ርዕስ ለየብቻ ይጠይቃል፦ መሪነት፣ የሰዎች ትስስር፣ ለምን እንግሊዝ እና የወደፊት የሥራ ዕቅድ። መሪነት ማለት ሹመት አይደለም። ማኅበር አደራጅታችሁ የአካባቢውን ውሃ ካስጠገናችሁ በቂ ነው፤ ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደተለወጠ ብቻ ተናገሩ።

ደረጃ 9፦ መጫንና መላክ

ሰነዱን በስልክ ስካነር፣ በቀን ብርሃን አንሱ። ጥላችሁ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ። ሁሉንም በፒዲኤፍ አድርጉ። ብዙ የማመልከቻ ድረ ገጽ ከ2 ወይም ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ አሳንሱት፣ ግን ማህተሙ መነበብ አለበት። የፋይሉን ስም ስማችሁና የሰነዱ ዓይነት አድርጉት። «ስካን 0047» ተብሎ የተላከ ዲግሪ ማን ይፈልገዋል?

አሁን ሰዓቱ። እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። የመጀመሪያ ዓመት ሳመለክት የመጨረሻው ሰዓት 12፡00 ይላል። የእኛ 12 ሰዓት መሰለኝ፣ ማታ። ጽሑፌን እያስተካከልኩ ዋልኩና 11 ሰዓት ላይ ልልክ ገባሁ። ተዘግቷል። 12፡00 የተባለው በዓለም አቀፍ ሰዓት (ጂኤምቲ ወይም ዩቲሲ በሚባለው) ነበር፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት። ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ጻፉት፦ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት ደምሩ፤ ያ የኢትዮጵያ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ስድስት ቀንሱ፣ የእኛ ሰዓት ይመጣል። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23፡59 ከተባለ በክረምታቸው በእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው፤ በበጋቸው ሰዓት ስለሚቀይሩ 6፡59 ይሆናል።

ቢሆንም ለመጨረሻው ሌሊት አትጠብቁ። በመጨረሻው ቀን ገጹም ይጨናነቃል፣ መብራትም ይሄዳል። ከአምስት ቀን በፊት ላኩ። የማረጋገጫ ኢሜይል ካልመጣላችሁ አልላካችሁም። ገብታችሁ እዩ፤ «ተቀምጧል» እና «ተልኳል» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ደረጃ 10፦ ቃለ መጠይቅ

በኢንተርኔት ከሆነ ኔትወርኩ የሚያስተማምን ክፍል ከአንድ ሳምንት በፊት ፈልጉና በዚያው ሰዓት ሞክሩት። ሁለተኛ ስልክ ዳታ ሞልታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። የጻፋችሁትን ደብዳቤ ደግማችሁ አንብቡ፣ ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ ነው። ስትመልሱ «እኛ» አታብዙ። ባህላችን ነው፣ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን የእናንተን ድርሻ ነው የሚለኩት። ያልገባችሁን ጥያቄ «ይድገሙልኝ» በሉ። አብሽሩ፣ ነጥብ አይቀነስበትም።

ከተመረጣችሁ በኋላ ቪዛ አለ። ለእንግሊዝ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ሰው የቲቢ ምርመራ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ነው የሚደረገው። የቲኬቱ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት የሚወጡ እንዲህ ያሉ ወጪዎች ስላሉ ትንሽ ብር ለይታችሁ አስቀምጡ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ፎቶ ያለበት፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ የተዘረዘረበት ሲቪ መላክ። ካልተጠየቀ አይጻፍ። ሁለት ገጽ ይበቃል።
- ለዩኒቨርሲቲ «ሀ» የተጻፈውን ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲ «ለ» መላክ፣ ስሙን ሳይቀይሩ። ሳቅ አይደለም፣ በየዓመቱ አያለሁ።
- በማይመለከት ትምህርት መግባት። አካውንቲንግ ተምሮ የሕዝብ ጤና ማስተርስ የሚያመለክት ሰው መካከል ላይ ድልድይ የሚሆን ሥራ ከሌለው አያስኬድም።
- ኢሜይል አለማየት። የቃለ መጠይቅ ጥሪ መጥቶ ቀኑ ያለፈበት ልጅ አለ። በየቀኑ ክፈቱት፣ እስፓሙንም ጭምር።
- ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ኢሜይል ማመልከት። ሁለት አመልካች፣ አንድ ኢሜይል፤ ሁለቱም ይወድቃሉ።
- አንድ ጊዜ ወድቆ መተው። አብዛኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ደግማችሁ እንድትሞሉ ይፈቅዳሉ፣ ቺቭኒንግም ይፈቅዳል። ወረቀቱ አለ፣ ሪኮመንዴሽን የሚጽፉት ሰዎች አሉ። የሚቀረው ደብዳቤውን ማደስ ነው። ስታድሱት ያለፈው ዓመት ቀን ከላይ ተጽፎ እንዳይቀር እዩት፤ እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ልልክ ስል ያየሁት እሱን ነው።